በሰንበት ማን ይጾማል?

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ዕለት፣ ከኤርፖርት ስንመለስ፣ በሐሳቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፌርፋክስ ሐበሻ ማን ቀድሞ ይነግራት ይሆን? ወንድሜ ድራይቭ ያደርጋል። እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ጉንጩን፣ ጆሮውን፣ ማጅራቱን ትደባብሳለች። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ የማውቃቸውን ወሬኛ ሴቶች ሁሉ በልቤ እየደረደርኩ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ወንድሜ ሃይማኖት መቀየሩን ያልሰማ ሐበሻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከእሷ በቀር አልነበረም፤ እሷም ገና መድረሷ ነው።

ወንድሜ ሞርሞን ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በየበሩ የሚያንኳኩት የአሜሪካኖቹ ቤተ ክርስቲያን አባል። ተራ ምእመን ቢሆን እንኳ ባልከፋ፤ መሪ ነው። ከምናውቃቸው ያገር ልጆች መጀመሪያ የገባው እሱ ነው፣ ከኋላው የገቡት ጥቂት ቤተሰቦችም እሱን አይተው ነው የገቡት። ሶ፣ ሰው ስለነሱ ማማት ሲያምረው የሚጀምረው ከሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ፓልምስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ያኔ ከሁለት ያገር ልጆች ጋር አፓርትመንት ተጋርቶ ይኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ ፍራሽ ገዝቶ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ደረጃው ላይ ብቻውን ሲታገል፣ ነጭ ሸሚዝና ክራቫት ያደረጉ ሁለት ወጣት ፈረንጆች መጡና አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይዘው አወጡለት። ምንም አልሰበኩኝም ይላል። ውሃ ጠጥተው ሄዱ። በሳምንቱ ደግሞ ፍራሹ ተመችቶህ ነው ወይ ብለው ሊጠይቁት ተመለሱ። እኔ ሁሌ በዚህ እተርበዋለሁ። «አንተን ያጠመቀህ ውሃው አይደለም፣ ፍራሹ ነው» እለዋለሁ። እሱ አይቆጣም። «እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ተመችቶህ ተኛህ ወይ ያለኝ ሰው አልነበረማ» ነው መልሱ።

የተጠመቀ ጊዜ አብረውት የሚኖሩት ልጆች አልተጣሉትም። ከሱ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ብቻ አቆሙ። ምግቡን በሰሃን ለይተው ያስቀምጡለት ጀመር። ይሄን በስልክ ሲነግረኝ እኔ ገና አዲስ አበባ ነበርኩ። ሃይማኖቱን መተዉ አናደደኝ፣ የሰሃኑ ነገር ግን አስለቀሰኝ። «ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ትሞታለች» አልኩት። እሱም «እሺ» አለ። እሺ እንዳልን ዓመታት አለፉ፣ እኔም መጣሁ፣ እሱም በቤተ ክርስቲያኑ አደገና የጉባኤ ሰብሳቢ ሆነ። ደሞዝ የለውም። በሥራ ቀን ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል፣ ከሥራ በኋላ የታመመ ይጠይቃል፣ ያዘነ ያጽናናል፣ ቤት የሚቀይር ሲኖር ዕቃ ይሸከማል። ሞርሞን ይሁን ኦርቶዶክስ ይሁን እስላም አይለይም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከፒኮ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ሐበሻ ፍራሽ ግማሹ በወንድሜ ትከሻ ነው ደረጃ የወጣው። ፍራሹን ያወጣላቸው ሰዎች ናቸው ታዲያ ዞር ሲል የሚያሙት።

እናቴ ከኔ ጋር ሚድ ሲቲ መኖር ጀመረች። ችግሩ፣ እኔ የምሠራው ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ነጠላ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው፣ እሷ ደግሞ ቤት መዋል አልወድም አለችና ወንበር ይዛ ሱቁ በር ላይ ትቀመጣለች። የወሬ በር ላይ ማለት ነው። ደንበኛ በገባ ቁጥር አፉን ሳይከፍት «ምን ልስጥህ?» እያልኩ አጣድፈዋለሁ። አንድ ቀን አንዱ ተረበኛ ሽሮ ሊገዛ ገብቶ «ፕሬዚዳንቱ እንዴት ናቸው?» አለኝ። የወንድሜ የቤተ ክርስቲያን ሹመት ስሙ እንደዚያ ስለሆነ ሰዉ በዚያ ነው የሚጠራው። እናቴ ጆሮዋን አቆመች። «የቱ ፕሬዚዳንት?»

«ልጅዎት ናቸዋ እማማ!»

«የምን ፕሬዚዳንት ነው ልጄ?» አለችኝ ወደኔ ዞራ።

«የሆስፒታሉ ሠራተኞች ማኅበር» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሰውዬው ሽሮውን ይዞ እየሳቀ ወጣ። እሷ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣው ሁሉ «ልጄ እኮ የሆስፒታሉ ፕሬዚዳንት ነው» ማለት ጀመረች። ያውቃሉ እኮ ሁሉም! ከንፈራቸውን ነክሰው «እሰይ እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት» ይሏታል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ውሸት ደግሞ ብቻውን አይኖርም። ማዕተቡስ የት ሄደ ስትል፣ ሆስፒታል ውስጥ አንገት ላይ ነገር ማሰር ክልክል ነው ተባለ። ቡና በነሱ ክልክል ነው፤ ለምን አይጠጣም ስትል፣ ጨጓራ ተባለ። ሐበሻ ሆኖ ጨጓራ የሌለበት ስለሌለ ይሄንን በቀላሉ ተቀበለችን። እሁድ እሁድ ጠዋት ሥራ ነው ተባለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አብሯት ምሳ ይበላል፣ ታጎርሰዋለች፣ ይስቃሉ፣ እኔም በመጠኑ እተነፍሳለሁ።

ያልታሰበው ነገር የመጣው በዚሁ በእሁድ ምሳ በኩል ነው። ወንድሜና ሰዎቹ በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ ይጾማሉ። ውሃም አይቀምሱም፣ እስከ ማታ። እኛ ደግሞ እንደምታውቁት በሰንበት ቅዳሴ ከወጣን በኋላ ጦም መዋል የለም፤ ሰንበትን በረሃብ መሻር ነው። ከፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ በስተቀር ቄሱም፣ ባሕታዊውም፣ ማንም አያደርገውም። ሶ፣ የወንድሜ ጾም ለእናቴ ጾም አልመሰላትም። ሊመስላትም አይችልም ነበር። ያየችው በሰንበት፣ በፍስክ ቀን፣ ዶሮ ቀርቦለት «ይቅርብኝ እማዬ» ብሎ እጁን የሚሰበስብ ልጅ ነው። ውሃ ስትሰጠው የማይጠጣ። ከንፈሩ የደረቀ።

በመጀመሪያው ወር ዶሮውን በዕቃ አድርጋ አስያዘችው። በሁለተኛው ወር እሱ ከሄደ በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «ሚስቱም እኮ እንዲህ እህል እምቢ ብሏት ነው የጀመራት።»

የወንድሜ ሚስት እዚሁ አሜሪካ በካንሰር ነው ያረፈችው። እናቴ አልቀበረቻትም፤ አዲስ አበባ ሆና በስልክ ነው ያለቀሰችው። «ኧረ እማዬ፣ ጨጓራው ነው» አልኳት። ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝና «እስቲ ይሁን» ብላ ሰሃኑን አነሳች።

ከዚያ ወዲህ እሷ ሌላ ሴት ሆነች። ሱቅ በር ላይ መቀመጡ ቀረ። ስልክ ደውሎ ሲስል ትሰማና «ደረቱ ነው» ትላለች። ከሲታ ሆነ ትላለች። ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላት «አንቺ ሂጂ፣ ቆይቼ እበላለሁ» ትለኛለች፣ እኔም ኦኬ ብዬ ወደ ሥራ እሮጣለሁ። እናቴ ስኳር አለባት፤ ጠዋት ኪኒኗን ከምግብ ጋር መውሰድ አለባት። ማታ ስጠይቃት ወስጃለሁ ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ኪኒኑን ወስዳለች። እህሉን ነው ያልቀመሰችው።

አንድ ረቡዕ ቀን የረሳሁትን ቁልፍ ልወስድ ወደ ቤት ስመለስ፣ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ግንባሯ በላብ ተነክሯል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠራት የምታየኝ ሌላ ሰው መስያት ነው። ኧረ በስማም! የብርቱካን ጭማቂ በግድ አጠጣኋት። ስኳር አላስኳት። አፏን ከፍቼ ማር አገባሁ። ትንሽ ቆይቶ «ምነው ጮኽሽ?» አለችኝ፤ ለካ ስጮኽ ኖሬያለሁ። ለወንድሜ ደወልኩ። እሱ ከፓሳዴና እስኪመጣ አልጋዋ ላይ አስተኝቻት እጇን ያዝኩ።

«ለምን እህል አልቀመስሽም እማዬ? ለምን?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ተስያለሁ» አለች። «ለመልአኩ ተስያለሁ። ልጄን ከዚህ በሽታ ካወጣህልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ እስከዚያው ከሰንበት በቀር በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብያለሁ። አንቺ ልታስጥይኝ አትችይም።»

አልቅሼ አላውቅም እንደዚያ ቀን። እኛ እንዳትሞት ብለን ደበቅናት፣ እሷ ደግሞ በደበቅነው ነገር ልትሞትልን ነው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ አይደል?

ወንድሜ የሆስፒታል ልብሱን እንደለበሰ ደረሰ። ስኳሯን ለካ፣ ደህና ነው አለ። ኮሪደሩ ላይ ይዤው ወጣሁና የሰማሁትን ነገርኩት። «ልነግራት ነው» አለ። እኔ «ጋሽዬ፣ ዛሬ አይሆንም፣ ልቧ አይችለውም፣ በሞቴ» እያልኩ ክንዱን ይዤ ስጎትት፣ እሱ ገብቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ እኔ አልታመምኩም።»

«አትዋሸኝ። ጡቴን ይዤ ነው የምልህ፣ አትዋሸኝ።»

«እውነቴን ነው። ምንም በሽታ የለብኝም።»

«ታዲያ በሰንበት ለምንድን ነው እህል የማትቀምሰው?»

«ጾሜ ነው።»

«በሰንበት ማን ይጾማል?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ጥያቄውን ራሷ ሰማችው መሰለኝ። «ጴንጤ ሆንክ?»

«አይደለም። ሞርሞን ይሉናል።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ምን ብሎ ያስረዳት? እሷ ናት የቀጠለችው። «ክርስቶስን ታምናላችሁ?»

«እናምናለን እማዬ።»

«እናቱንስ?»

«እናከብራታለን» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። እሷ የጠየቀችው ማክበርን ብቻ ሳይሆን አማላጅነቷን እንደሆነ እሱም ያውቃል።

«እና አልታመምክም?»

«አልታመምኩም።»

በደካማ ድምጿ እልል አለች። ትንሽዬ፣ የተቆረጠች እልልታ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፣ ለየትኛው እንደምታለቅስ ግን አላውቅም። እሱ ሊያቅፋት ሲል በእጇ መለሰችው። «ሂድ ወደ ሥራህ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አታስታውሱኝ። ትበላለች፣ ኪኒኗን ትወስዳለች፣ ከኔ ጋር ታወራለች፤ የሱን ስልክ ግን አታነሳም። በር ሲያንኳኳ መኝታ ቤት ገብታ ትዘጋለች። እሱ ያመጣላትን ፍራፍሬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። እኔ ማታ ማታ ያቺ ሰሃን ትመጣብኛለች፤ ልጆቹ ለይተው ያስቀምጡለት የነበረችው። አሁን እናቱም ሰሃን ልትለይበት ነው እያልኩ እገላበጣለሁ።

አንድ ጠዋት ጸጉሯን እየተሠራች «የመልአኩ ንግሥ መቼ ነው?» አለችኝ። እዚህ አገር ንግሥ የሚከበረው ቀኑ ሲውል ሳይሆን ሰው ከሥራ ሲያርፍ ነው፤ በመጪው እሁድ ነበር። «ስለቴን አስገባለሁ» አለች።

«የምን ስለት እማዬ? እሱ እኮ መጀመሪያም አልታመመም።»

«አልታመመማ! ከዚህ በላይ ምን ፈውስ አለ? ጃንጥላውን ግን እሱ ነው የሚሸከመው። ስለቱ የሱ ነው። ካልመጣ ቲኬቴን ቁረጪልኝ፣ አገሬ እገባለሁ፤ ሁለተኛ ዓይኑን አላየውም።»

እናቴን አውቃታለሁ። ይህንን ስትል ድምጿ አይነሳም። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ ከሱቃችን ራሷ መርጣ ገዛች፣ ሳሎን ጥግ አቆመችው።

ለወንድሜ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «እሁድ የእኛ የጾም እሁድ ነው» አለ። «ፕሮግራሙን የምመራው እኔ ነኝ። ደግሞ አስቢ እስቲ። እኔን አይተው ከቤተሰባቸው የተለያዩ ሰዎች አሉ። ጃንጥላ ተሸክሜ ታቦት ፊት ሲያዩኝ ሰው ተመለሰ ይላል። እነሱስ ምን ይላሉ?»

«እማዬስ?»

«ፕሮግራማችን ሲያልቅ አያለሁ» ብቻ አለ። አያለሁ ማለት ምን ማለት ነው? እመጣለሁ አላለም፣ አልመጣምም አላለም። ያን ሳምንት በርበሬ ስሰፍር ሁለት ደንበኛ መልሶ አምጥቶብኛል፣ አሳስቼ።

እሁድ ደረሰ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፓርኪንጉ ሳይቀር በነጭ ለባሽ ሞልቷል። ቅዳሴው አለቀ፣ ታቦቱ ወጣ፣ ከበሮው ይመታል፣ እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ነው የምታየው። ጃንጥላውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። አንዱ ወጣት «እማማ፣ ልያዝልዎት» ሲላት «ባለቤቱ ይመጣል» አለችው። ፀሐዩ ይጠብሳል። ኪኒኗን ወስዳ ቁርስ መብላቷን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያም ሆኖ ግንባሯን ደጋግሜ እያየሁ ላብ እፈልጋለሁ። ስልኬን አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። ታቦቱ ሕንፃውን መዞር ጀመረ። ጋሽዬ፣ አትግደለኝ፣ ጋሽዬ፣ እላለሁ ለራሴ።

መኪናውን መንገድ ማዶ ፓርክ ሲያደርግ አየሁት። ጥቁር ሱፉን በክራቫት እንደለበሰ፣ ከራሱ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጣው። በዚያ ሁሉ ነጭ ነጠላ መካከል ሲገባ ሰዉ እየተጠቃቀሰ መንገድ ለቀቀለት። ከንፈሩ ደርቋል። እናቱ ፊት ቆመ። ጃንጥላውን ሰጠችው፣ ተቀበለና ዘረጋው፤ ከሕዝቡ ጋር ሕንፃውን እየዞረ እስከ በሩ ድረስ ተሸክሞ ሄደ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ቆመ። ውስጥ አልገባም። ለዲያቆኑ አስረከበና ወደ ኋላ ተመልሶ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

ዲያቆኑ ማይክ ይዞ ስለት ያስገቡትን ያሳውቃል። እናቴ ሄዳ ጆሮው ላይ አንሾካሾከች። በቃ፣ አልኩ። ልጄ ወደ ሃይማኖቱ ተመለሰልኝ ብላ ልታስነግር ነው፣ እሱም በሕዝብ ፊት አልተመለስኩም ሊል ነው፣ ያኔ ሁሉም ነገር አለቀ።

«አንዲት እናት» አለ ዲያቆኑ «ልጄን በሕይወትና በጤና አገኘሁት ብለው ስለታቸውን አስገብተዋል። እልል በሉ!»

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ከሱቃችን በርበሬ የምትገዛ፣ ምላሷ የማያርፍ አንዲት እትዬ እናቴን አቅፋ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ «እንኳን ተመለሰልዎት እማማ!» አለቻት።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «የት ሄዶ?» አለቻት።

ሴትዮዋ አፏን ያዘች። ወንድሜ አጠገቤ ነበር፣ አንገቱን ደፋ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ከዚያ የበረከት ዳቦው መጣ። እናቴ ለራሷ ወሰደች፣ አንድ ቁራሽ ለሱ ዘረጋችለት። ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ ያያል። ይበላል ወይስ አይበላም? እጁ ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ። እሷ ከንፈሩን አየች፣ የደረቀውን። እጇን መለሰችና ዳቦውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ሲመሽ ትበላዋለህ» አለችው።

ሲመሽ ቤት መጣ። በሩን ራሷ ከፈተችለት። ቋጠሮዋን ፈትታ ዳቦውን ሰሃን ላይ አደረገችው፣ አንድ ሰሃን ላይ፣ መሃል ጠረጴዛ። እሱ እንደ ልማዳቸው እጁን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። እሷ አማተበችና እስኪጨርስ ጠበቀችው። አሜን ሲል ቆርሳ አጎረሰችው። ዳቦው አንዴ አፉ ውስጥ ሲገባ ሳይ፣ ከጠዋት ጀምሮ በጭንቀት አንድ ነገር እንዳልቀመስኩ ትዝ አለኝ።

«ለኔም ቁረሽልኝ እማዬ» አልኳት። «እኔም እህል ሳልቀምስ ነው የዋልኩት።»

ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ በየትኛው ሃይማኖት ነው የጾምሽው?»

«በእናንተው» አልኳትና አፌን ከፈትኩላት።